«ትዝታ የኛ ብሉዝ ነው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ቦንጋ ውስጥ ጊታር የጀመረ ወጣት የብሉዝ ስኬል ከዩቲዩብ ይሸመድድና በትዝታ ዘፈን ላይ ይሞክረዋል። ይገጥምለታል። ከዚያ በኋላ «ትዝታ እኮ የኛው ብሉዝ ነው» ቢል ማን ይከለክለዋል? የውጭ ጸሐፊዎችም ሲሉት ኖረዋል።

መነሻ የሌለው ወሬ አይደለም። ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ጀማሪ ጊታሪስት ለብሉዝ የሚይዘው ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ) ስኬል ከላ ሲነሣ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል። አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው! የሚለያዩት ማረፊያቸው ላይ ነው፤ ትዝታው ወደ ዶ ይመለሳል፣ ብሉዙ ወደ ላ። ማይነር ትዝታ ሲመጣ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚሉ የተሸመደደው የጣት አቀማመጥ ወዲያው ይፋለሳል። ብሉዝ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ኮርዶች 12 ባር እየዞረ ይሄዳል፤ ትዝታ ይህ ዙር የለውም። ሁለቱም ሆድ ያባባሉ፤ በዚህ ብቻ ግን አንድ ሙዚቃ አይሆኑም።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው «የኛ ጊታሪስቶች የፈረንጅ ግልባጭ ናቸው» የሚለው ወሬ ግን ፍጹም ተረት ነው። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ሊድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ወልደማርያምን እንስማ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማህሙድ አህመድ «ኤሬ መላ መላ»ን የተጫወተው ከአይቤክስ ጋር ነው። በካሴቱ ዘመን የሰላም ጊታር ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሰውየው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና፣ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አነሳስም የጥናት ጽሑፍ ያዘጋጀ ነው። የሚጫወተውን ያወቀ ሰው ቀጂ አይባልም።

የብሉዝ ጊታሪስቱ ሮበርት ጆንሰን በመንታ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ቻለ የሚለውም ወሬ እኛ ዘንድ ደርሷል። የሚሲሲፒው ሰው እ.ኤ.አ. በ1938 በ27 ዓመቱ ሲሞት 29 ዘፈኖች ቀርፆ ነበር። የሰይጣኑ ታሪክ በመጀመሪያ የተነገረው በሌላ ብሉዝ ተጫዋች በቶሚ ጆንሰን ስም ነው። ሮበርት ግን አይክ ዚመርማን የሚባል መምህር ነበረው፤ ማንንም ላለመረበሽ ሌሊት መቃብር ቦታ ሄደው ይለማመዱ እንደነበር የመምህሩ ቤተሰብ ተናግሯል። የሰይጣኑ ወሬ የዚያን ሁሉ ሌሊት ልፋት ይሰርዛል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ቦንጋ ላይ ጊታር የያዛችሁ ልጆች፣ ብሉዙን ተማሩት፤ ትዝታን ግን ከራሱ ማረፊያ ጀምሩ። በአካባቢያችሁ ቋንቋ በካፊኖኖ የሚዘፈኑ ዘፈኖችን ደግሞ ወደ ስኬል ከመክተታችሁ በፊት አባቶችና እናቶች ሲያዜሙ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።