ነዳጅና ካምቢዮ፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ መንገድ መኪና ስለመምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ትምህርታዊ ገለጻ የድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት ከተማሪ በደረሰኝ አንድ የጽሑፍ ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጣሪያው የሚከፈት የስፖርት መኪና ብገዛ ቤንዚን ይሻለኛል ናፍጣ? ማንዋል ይሻለኛል አውቶማቲክ?» ጠያቂው ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው አልነገረኝም። (ሳቅ) ይሁንና ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ቪትዝም ይሁን ያገለገለ ኮሮላ፣ በእቁብ ገንዘብ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። የነዳጁና የካምቢዮው ምርጫ ሁለት ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ በእኛ መልክዓ ምድር አንድ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚወስነውም ከፍታውና ቁልቁለቱ ነው።

ከከፍታው ልጀምር። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር መጠን ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል። በፋብሪካ ወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ባለ 1 ሊትር ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 57 ገደማ ነው። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጉት የጉመር ደጋዎች ላይ ስንወጣ ጉድለቱ ከሩብ ያልፋል። አምስት ሰው፣ አንድ በግና የመስቀል ስንቅ ጭኖ አቀበት የሚወጣ ባለቤት «መኪናዬ ታሞብኛል» ብሎ ወደ ጋራዥ ሲሄድ፣ ብዙ ጊዜ የታመመ ነገር የለም፤ የጎደለው አየር ነው።

ቱርቦ የጎደለውን አየር በግፊት ይመልሳል። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቱርቦ ስላላቸው በደጋ የተሻሉ ሆነው የሚታዩት ከናፍጣው ይልቅ በዚሁ ምክንያት ነው። የስፖርት መኪና ለጠየቀው ተማሪዬ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ኦክታን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል። ከፍታ ተራውን ሞተር ከዝቅተኛ ኦክታን ጉዳት በመጠኑ ይጠብቀዋል፤ ቱርቦው ግን ግፊቱን መልሶ ስለሚያመጣው ይህ ጥቅም ይቀራል። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን የእሳቱን ጊዜ ያዘገያል፣ ገዢው የከፈለበት ፍጥነትም ይቀንሳል። ጣሪያው ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ጣሪያ የመኪናው አካል እንዳይጣመም የሚይዝ በመሆኑ፣ ሲነሣ ወለሉና ጎኑ በተጨማሪ ብረት መጠናከር አለባቸው፤ መኪናው ይከብዳል። ለሰርግ ቀን ያምራል፤ ለሐምሌ ዝናብና ለከተማችን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ግን አልመክርም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፣ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ የሕይወት ነውና። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው እስከ ግቤ ድልድይ ድረስ 800 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከነተሳፋሪው 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል ወደ 14 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከፊሉን አየሩና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረው የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ሹፌሩ ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ነፃ ካደረገ፣ ማለትም በፎሌ ከወረደ፣ ሙቀቱ በሙሉ በፍሬኑ ሸራና ዲስክ ላይ ይወድቃል። የጋለ ሸራ መያዙን ይተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ቁጠባውም ቢሆን ከንቱ ነው፦ ኮምፒውተር ያለው ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ ፈጽሞ ይዘጋል፣ በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ግድ ይሆንበታል።

የካምቢዮው ምርጫ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ማንዋል በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። አውቶማቲክም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ችግሩ ሹፌሮቻችን የማርሹን ዘንግ «ዲ» ላይ ጥለው መርሳታቸው ነው። «ኤል»፣ «2» ወይም «ኤስ» የሚሉት ምልክቶች የተጻፉት ለጌጥ አይደለም። የናፍጣ ሞተር በዚህ በኩል ከቤንዚኑ ይደክማል፤ አየር የሚዘጋ መዝጊያው እንደ ቤንዚኑ ስላልሆነ መያዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ነው የጭነት መኪኖች የጭስ ማውጫ ፍሬን የሚገጠምላቸው። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ለሚመላለስ ሰው ቁልቁለቱ ለስላሳ ነውና አውቶማቲክ መርጦ እግሩን ቢያሳርፍ አልከራከረውም። ወደ ግቤ ዘወትር ለሚወርድ ግን፣ በተለይ ያገለገለ መኪና ከሆነ፣ ማንዋል እመርጥለታለሁ። የፍሪሲዮን ሸራ በየትኛውም ጋራዥ ይቀየራል፤ ማርሽ አልባው ሲቪቲ ካምቢዮ ግን የራሱ ዘይት ካልተጨመረለት ይበላሻል፣ ከተበላሸም ጠጋኙ ጥቂት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ ገበያው በሁለት ተከፍሏል፤ በአንድ ወገን ዋጋቸው ያልወረደ አሮጌ የነዳጅ መኪኖች፣ በሌላ ወገን አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጉመር ላይም ጅቡቲ ጠረፍ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ስላላቸው የካምቢዮው ክርክርም ይቀራል። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ በሸለቆው ውኃ የሚሠሩት የግልገል ግቤ ጣቢያዎች ከሚያደርጉት በመርህ የሚለይ አይደለም፣ የውኃውን ቦታ የወሰደው መኪናው ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ወልቂጤ አድሮ እስከ አፉ ቻርጅ ያደረገ ሰው በማለዳ ወደ ግቤ ቢወርድ፣ መኪናው እንደ ወትሮው አይይዝለትም፤ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ቁልቁለት ከፊታችሁ ካለ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሙት።

ቻርጅ ማድረጊያውስ? ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪውን ቢዋይዲ ሲጋል ብንወስድ፣ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ያለውን 158 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በእኔ ስሌት 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መመለሻው አቀበት ስለሆነ 2 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳይሞላ መመለስ አይችልም። በ10 አምፔር ተራ ሶኬት ሙሉ ባትሪ ለመሙላት 18 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። የአባት ቤት ሽቦ ቀጭን ከሆነና የመሬት መስመር ከሌለው ከመኪናው በፊት ሽቦው ይቀየር። በከተማ ለሚኖር፣ የራሱ ቆጣሪና ግቢ ላለው ሰው ኤሌክትሪኩን ያለማመንታት እመክራለሁ። በኪራይ ቤት ለሚኖርና በየሳምንቱ ወደ ገጠር ለሚወጣ ነጋዴ ግን ለጊዜው ባለ ማንዋል ቤንዚን ይሻለዋል።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ አስነሡት። ማንዋል ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት፣ ካልጠፋ ሸራው አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት አሽትቱ፤ የተቃጠለ ከሸተተ ተዉት። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያለው መቶኛ አያታልላችሁ፤ እሱ የዛሬውን ሙሌት እንጂ የባትሪውን ጤና አይናገርም። ጤናውን በመመርመሪያ መሣሪያ አስነብቡ፣ ሻጩም አጠገባችሁ ይቁም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።