ክለብ የሌላት ከተማ ሙዚቃ

በኩዌት የምሽት ክለብ አይፈቀድም፤ አልኮል ማስገባትም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ሌሊት ድምፅ የላትም ማለት ግን ስህተት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓብደላህ አል ፈረጅ የጎለበተው «ሰውት» የተሰኘው ዜማ በዑድና «ሚርዋስ» በምትባል ትንሽ ከበሮ ታጅቦ ያደገው «ዲዋኒያ» በሚባለው የግል ሳሎን የምሽት ጨዋታ ነው። ጭፈራውም «ዘፋን» ይባላል፤ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኩዌት ያደገችው ፋቲማ አል ቃዲሪም በ2012 የልጅነቷን የጦርነት ትዝታ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አድርጋዋለች።

«ዲዋኒያው የወንዶችና የተጋባዦች ነው፤ ሴቱና ስደተኛው የት ይስማ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ የግል ሳሎን የሕዝብ መድረክን አይተካም። በ2016 የተከፈተው የጃብር አል አሕመድ የባህል ማዕከል ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ያለ ዘመድ ግብዣ ይገባል።