እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ቃል ምሥጢሩ፣ እንቁላሉ ታቅፎና ጊዜውን ጠብቆ ጫጩት መሆኑ እንደ ሆነ ሁላችን ብናውቅም፣ ራሱ እንቁላሉ እግር አውጥቶ ሲራመድ በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ሆኖም አንድ ተማሪ ከጭቃ እንቁላል አድቦልቡሎ፣ በጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ በየጥቂቱ መልኩን እየለወጠ በየለውጡ አንዳንድ ፎቶግራፍ ቢያነሣና ሥዕሎቹን አከታትሎ ቢያሳየን፣ ምሳሌው በፊታችን ቃል በቃል ሲፈጸም እናያለን። ይህ ጥበብ ስቶፕ ሞሽን ይባላል፤ አንድ የእጅ ስልክ፣ አንድ መብራትና ጥቂት ጭቃ ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ፣ ምንነቱንና የአሠራሩን ሥርዓት ለአንባቢያን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የጥበቡ መሠረት የዓይናችንና የአእምሮአችን ጠባይ ነው። በጥቂቱ ብቻ የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ተከታትለው ሲያልፉ፣ አእምሮ እያንዳንዱን ነጥሎ መያዝ ስለማይችል፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከራሱ ሞልቶ አንድ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎችን የሚያሳልፈው ስለዚህ ነው። በተራው ፊልም ተዋናዩ ራሱ ሲንቀሳቀስ ካሜራው ይቀርጸዋል፤ በስቶፕ ሞሽን ግን በሁለት ሥዕሎች መካከል የሰው እጅ ገብቶ ግዑዙን ጭቃ በትንሹ ያነቃንቀውና፣ ሳይታይ ተመልሶ ይወጣል። ለጭቃ ሕይወትን እፍ ማለት የፈጣሪ ብቻ ሥልጣን ስለ ሆነ፣ ይህ ጥበብ የሚሰጠው ነፍስን ሳይሆን የነፍስን አምሳል ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ጭቃ የሸክላ ሠሪዎች ጭቃ አይደለም፤ የሸክላ ጭቃ የሚለሰልሰው በውሃ ስለ ሆነ፣ ውሃው ሲተን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሥነ ጥበብ መምህር የነበረው ዊልያም ሃርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በውሃ ፈንታ ቅባት የገባበትንና የማይደርቀውን ፕላስቲሲን የሠራው፣ የቅርጽ ሥራ የሚማሩ ተማሪዎቹ ሥራቸው ሳይደርቅባቸው እንዲቆዩ ብሎ ነበር። ይህ ጭቃ በመማሪያ ክፍል ችግር ምክንያት የተወለደ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ምክንያቱም በኋላ ዘመን ዓለምን ካስደነቁት የጭቃ ፊልሞች አንዱም የተጀመረው በተማሪ እጅ ነው።

ኒክ ፓርክ የተባለው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ ዋላስ የተባለ አይብ ወዳድ ሰውና ግሮሚት የተባለ ውሻው ወደ ጨረቃ ስለ መጓዛቸው የሚተርክ ፊልም የመመረቂያ ሥራው አድርጎ ጀመረ። ግሮሚትን መጀመሪያ ድመት ሊያደርገው አስቦ የነበረ ቢሆንም፣ የውሻ አካል ወፍራምና ለጭቃ የሚመች ሆኖ ስላገኘው ውሻ አደረገው፤ እንዲናገርም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የግንባሩን ጭቃ ጥቂት ገፋ ቢያደርገው ኀዘኑም፣ ቁጣውም፣ መደነቁም ያለ ቃል እንደሚገለጥ ስለ ተረዳ፣ አፍ የሌለው ዝምተኛ አድርጎ ተወው። ይህ 23 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከሰባት ዓመት ያህል ድካም በኋላ ነበር። በሴኮንድ 24 ሥዕል ሒሳብ ብናሰላው ከ33 ሺህ የሚበልጥ ሥዕል ይሆናል። ለኦስካር ሽልማትም በታጨ ጊዜ፣ ያሸነፈው የዚያው የፓርክ ሌላ የጭቃ ፊልም ሆነ።

የእኛ ተማሪዎች ግን ሰባት ዓመት ስለሌላቸው፣ አሥር ሴኮንድ ይበቃቸዋል። በሴኮንድ 12 ሥዕል ለጀማሪ ስለሚበቃ፣ ሒሳቡ 120 ሥዕል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ታሪኩ በወረቀት ላይ በተርታ ይሣል፤ 24 ሥዕል እንቁላሉ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ 36 ሥዕል እግር ሲያወጣ፣ 60 ሥዕል ሲራመድ። ስልኩ በእጅ አይያዝ፤ በማቆሚያ ወይም በመጻሕፍት ቁልል መካከል ጸንቶ ይቁም። የመስኮቱ መጋረጃ ይዘጋ፤ ፀሐይ በሰማይ ስትዞር ጥላው አብሮ ስለሚዞር፣ ብዙ ሰዓት የፈጀ ሥራ በመጨረሻ ሲታይ ብርሃኑ ይብለጨለጫል። መብራት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ስልኩም ብርሃንንና ጥራትን በየጊዜው ራሱ እንዳይለዋውጥ ይቆለፍ።

እንቁላሉ ውስጡ በተጨማደደ ወረቀት ተሞልቶ ጭቃው ከላይ ቢለብስ ይቀላል፤ ድፍን ጭቃ ከሆነ ግን ክብደቱ እግሮቹን ያጐብጣቸዋል። እግሮቹ የሚወጡት የምስር ፍሬ የምታህል ጭቃ በየሥዕሉ እየተጨመረች ነው፤ በውስጣቸው ቀጭን ሽቦ ይግባ፤ መርገጫቸውም ሰፊ ይሁን። እርምጃው ሲጀመር እንቁላሉ በአንድ ሚሊሜትር፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ቀጥሎ በአምስት ይገፋ፤ ሊቆም ሲል ደግሞ ግፊቱ እየቀነሰ ይሂድ፤ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ከቦታው ሲነሣ በዝግታ፣ ሲቆምም በዝግታ ነውና። ግፊቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ግን እንቁላሉ የሚራመድ ሳይሆን በገመድ የሚጎተት ይመስላል። ድምፁ በኋላ ይገባል፤ በጣት ጥፍር ጠረጴዛ መታ መታ ማድረግ ለእርምጃው በቂ ነው።

በ70ኛው ሥዕል ላይ የአንዱ ልጅ ክርን ጠረጴዛውን ይነካና ሁሉ ነገር ከቦታው ይናጋ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መምህሩ አይቆጣ፤ ልጆቹ ያለፈውን ሥዕል እያዩ እንቁላሉን ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሱ ዘንድ ይፍቀድላቸው፤ በማባዛት ሠንጠረዥ፣ በብርሃንና በጥላ ትምህርት፣ በድርሰት ለየብቻ የተማሩትን ሁሉ አንድ ላይ የሚጠቀሙበት ሰዓት ይህ ነውና። ለእያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለአሥር ሴኮንድ ፊልም አራት ሰዓት ያስፈልጋል። አራት ልጆች አራት ሰዓት ሙሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እየተቈጣጠሩና እየተጠባበቁ በአንድ ነገር ላይ መትጋታቸው፣ በእኔ ግምት ከፊልሙ የሚበልጥ ፍሬ ነው።

በፊልሙም ላይ የጣት አሻራ በጭቃው ገጽ እየመጣና እየጠፋ ይታያል። ይህን እንደ ነውር ቆጥሮ ማርክ መቀነስ አይገባም፤ በእነ ግሮሚት ገላ ላይም ይታያል፤ እጅ በዚያ እንደ ነበረ የሚመሰክረው እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህራንን የምንለምነው፣ ሥራው በቀረበ ጊዜ አሥሩን ሴኮንድ አይተው ከሳቁና ካጨበጨቡ በኋላ፣ 120ውንም ሥዕሎች አንድ በአንድ እንዲያሳዩዋቸው ልጆቹን እንዲጠይቁ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ እንቁላሉ ቆሞ ይገኛል፤ ያስኬደው ምን እንደ ሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሩን።