የካሜራ ገጣሚ የሚፈተነው በሌሊት ነው

ሱቁን፣ መጋዘኑን ወይም የመኖሪያ ግቢውን በካሜራ ለማስጠበቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ስንት ያስወጣኛል?» ይላል። ከሁለቱም መቅደም ያለበት ግን «ማን ይግጠምልኝ?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ገበያው ላይ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሂክቪዥንና ዳሁዋ ሁለቱም የቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ ኩባንያዎች ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሠረቱ። በተቀራራቢ ዋጋ የሚሸጧቸው ካሜራዎች ልዩነት ለተራ ተጠቃሚ እምብዛም አይታይም። ዕቃው ከመርካቶ ቢመጣ ከባሕር ዳር ያው ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ካሜራ እዚህ ግቢ የሰው ፊት ለይቶ ሲያሳይ፣ እዚያኛው ግቢ የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ያሳያል። ልዩነቱን የሚያመጡት የተሰቀለበት ከፍታ፣ የሌንሱ ስፋት፣ የሽቦው ጥራት፣ የኃይል ምንጩና የዲስኩ መጠን ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚወስነው ገጣሚው ነው፤ የሥራው ጥራትም ሱቅ መደርደሪያ ላይ አይታይም።

ካሜራ ምን እንደሚችልና እንደማይችል በቅድሚያ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤሪክ ፒዛና ባልደረቦቹ የአርባ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ካሜራ በተተከለባቸው አካባቢዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ቅናሹ ጎልቶ የታየው መኪና ማቆሚያዎች ላይ ነው፤ ምስሉን በቀጥታ የሚከታተል ሰው ባለበት፣ ካሜራው ከሌላ ጥበቃ ጋር በተጣመረበትም ውጤቱ የተሻለ ነበር። ጥናቶቹ በአብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ከተማችን ወደ ደብረ ታቦር ማምጣት አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ካሜራ ብቻውን ሌባ አያስቀርም። «ዘበኛና ጎረቤት እያለ ካሜራ ምን ይሠራል?» የሚሉ ሰዎችም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቀሪው ግማሽ ማስረጃ ነው። ወረታ ላይ የሩዝ መጋዘን ያለው ነጋዴ ኩንታል ሲጎድልበት፣ መቼና በየትኛው በር እንደወጣ የሚያሳይ ምስል ካለ ጥርጣሬው ከሁሉም ሰው ላይ ይነሳና አንዱ ላይ ያርፋል። ዘበኛውንም ባልሠራው ሥራ ከመታማት ያድነዋል፤ ይህ ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ የምንከፍለው ለማስረጃ ነው። ማንነትን የማይለይ ምስል ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ማንነትን መለየት ደግሞ በቁጥር የሚለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የካሜራ ተከላ መስፈርት እንዳስቀመጠው፣ የማያውቁትን ሰው ፊት ያለ ጥርጥር ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። የሚያውቁትን ሰው ለመለየት 125 ይበቃል፤ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ 25። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ ጎን 1,920 ፒክስል አለው፤ ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ይመጣል። ምስሉ ከዚያ ስፋት ካለፈ የእንግዳ ሰው ፊት አስተማማኝ ሆኖ አይለይም ማለት ነው። በብዛት የሚገጠመው 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ያንን ስፋት የሚሞላው 3 ሜትር ላይ ነው። በሩ 10 ሜትር ከራቀ ምስሉ 25 ሜትር ገደማ ይሰፋና በሜትር 75 ፒክስል ብቻ ይቀራል፤ ይህ የምናውቀውን ሰው እንኳ በእርግጠኝነት አያሳይም። ለዚያ በር 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጠባብ ሌንስ ያስፈልጋል። ይህን ስሌት ባለቤቱ መሥራት የለበትም፤ ገጣሚው ግን መሥራት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው፦ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ግቢውን በእግሩ ዞሮ «እዚህ ጋ ማየት የምትፈልጉት ፊት ነው፣ የመኪና ታርጋ ነው ወይስ እንቅስቃሴ ብቻ?» ብሎ የሚጠይቅ ድርጅት ሥራውን ያውቃል። በስልክ «ለአራት ካሜራ ይህን ያህል» ብሎ የሚቆርጥ ድርጅት የሚሸጠው ዕቃ ነው። ከፍታውንም ጠይቁት። ደብረ ታቦር ብርድ ነው፤ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ነው። ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ከአራት አምስት ሜትር ከፍታ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ የጋቢ ጫፍ እንጂ ፊት አይቀርጽም። ቢያንስ የመግቢያው ካሜራ ወደ ፊት ቁመት ቀረብ ብሎ መሰቀል አለበት።

የአየሩ ነገር ብዙ ሊባልለት የሚገባ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ የአገጣጠም መመሪያ እዚህ ሲደርስ የሚሰናከለው በአየሩ ነውና። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከጉና ተራራ አጠገብ ናት። በክረምት ሌሊቱን ጉም ይተኛባታል። ካሜራ በጨለማ የሚያየው ሌንሱን በከበቡት የኢንፍራሬድ አምፖሎች ነው፤ ጉምና ዝናብ ሲኖር ያ ብርሃን ከጠብታዎቹ ነጥሮ ወደ ሌንሱ ይመለስና ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። ሸረሪት ድሯን ሌንሱ ላይ ስትሠራም፣ ካሜራው ከነጭ ግድግዳ ወይም ከቆርቆሮ ጋር ተጠግቶ ሲገጠምም ውጤቱ ያው ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ መብራቱን ከካሜራው አርቆ በሌላ ቦታ መስቀል፣ ካሜራውን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ማስገባት ይበቃል። መብረቅ ግን የከፋው ነው። ከዋናው ቤት ወደ አጥር ጥግ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ በአቅራቢያ የወደቀን መብረቅ ኃይል ተቀብሎ ምስሉን የሚቀዳውን ሳጥን፣ ዲቪአሩን፣ ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለ መሬት መስመርና ስለ ኃይል መከላከያ ሲጠየቅ ግራ የሚጋባ ገጣሚ ለዚህ አገር አልተዘጋጀም። የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተሰቀለ ካሜራም ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይወዛወዛል፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ እንቅስቃሴ የሚለየው ማንቂያም ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ይጮኻል። ስለዚህ ርክክቡ በቀን መሆን የለበትም። ከመሸ በኋላ አንድ ሰው ጋቢ ለብሶ በበሩ ይግባ፤ ምስሉ ከዲቪአሩ ተገልብጦ ፍላሽ ላይ ይውጣ፤ ፊቱ ከታየ ቀሪው ክፍያ ይፈጸም። በዚህ የማይስማማ ድርጅት ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።

መብራትና ኔትወርክም እዚሁ የሚካተቱ ናቸው። አራት ካሜራና አንድ ዲቪአር በሌሊት 40 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ከብዙ ትንንሽ ዩፒኤሶች ጋር የሚመጣው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሚይዝ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልቃል። መብራት ከምሽት እስከ ንጋት በሚጠፋበት ቦታ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ወደ 15 ሰዓት ያቆየዋል፤ ሌሊቱ ታለፈ ማለት ነው። ኔትወርኩን በተመለከተ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ምስሉን በሞባይል ኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ብቻ የሚልክ ካሜራ ከተሰቀለበት ግድግዳ የተሻለ አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም ነበር። «በስልኬ ካየሁ ይበቃኛል» ለሚሉ ወዳጆች መልሴ ይህ ነው፤ ስልክ ላይ ማየት ጥሩ ተጨማሪ ነው፣ መሠረቱ ግን ግቢው ውስጥ ያለ ዲስክ መሆን አለበት። ዲስኩም ይሰላ። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ አራቱ 86 ይሆናሉ። አንድ ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ተኩል ያህል ይዞ የቆየውን እየሰረዘ ይቀጥላል። የመጋዘን ጉድለት የሚታወቀው በወር መጨረሻ ቆጠራ ከሆነ፣ ያ ዲስክ የተፈለገበትን ቀን አስቀድሞ ሰርዞታል። «ሌባው ዲቪአሩን ነቅሎት ቢሄድስ?» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ለዚህም ዲቪአሩ ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር ሳይሆን ተቆልፎ በማይታይ ቦታ ይቀመጣል፤ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎችም ሁለተኛ ቅጂ ይይዛሉ።

እንግዲህ ትልቁ ሙግት ዋጋ ነው። ሁለት ድርጅቶች ለተመሳሳይ አራት ካሜራ የተራራቀ ዋጋ ሲያቀርቡ ርካሹን መምረጥ ጥፋት አይደለም፤ ኑሮው ለሁሉም ከብዷል፣ ገንዘቡም የላብ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የካሜራው ዋጋ ለሁለቱም ቅርብ ለቅርብ ከሆነ ልዩነቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሽቦው፣ ከፓወር ሰፕላዩና ከዲስኩ። ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በርካሽ ይገኛል። በቢላዋ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ ሽቦ ኃይል ስለሚያባክን ሩቅ ያለው ካሜራ ቀን ደህና ሠርቶ፣ ሲመሽ የኢንፍራሬድ አምፖሎቹ ሲበሩ ኃይል ያንሰውና እየጠፋ ይበራል። ለቢሮ ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክም ሃያ አራት ሰዓት ሲቀዳ ቶሎ ይደክማል፤ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ዲስክ አለ። ስለዚህ ፕሮፎርማው በአንድ ድምር የተጻፈ ከሆነ መልሱት። የካሜራው ሞዴል፣ የሌንሱ ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ዓይነትና ርዝመት፣ የዲስኩ ዓይነትና መጠን፣ የእጅ ዋጋው ተለይቶ ይጻፍ። ያኔ የሚነጻጸረው ሥራ ከሥራ ጋር ይሆናል፤ ርካሹ እውነት ርካሽ ከሆነም ያለ ስጋት ይመረጣል።

«ከአዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ባስመጣ አይሻልም?» የሚለው ሌላው ሙግት ነው። ትልልቆቹ ልምድ እንዳላቸው አልክድም፤ ለሆስፒታል፣ ለባንክ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ዓይነት ሰፊ ግቢ እነሱ ሊሻሉ ይችላሉ። ለሱቅና ለመኖሪያ ቤት ግን ርቀቱ ራሱ ጉዳት ነው። አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይሆንም። ዲስክ ሲበላሽ በሁለት ቀን የሚደርስ የከተማው ወጣት ቴክኒሺያን፣ ዋስትናው ረጅም ሆኖ መምጣት ከማይችል ድርጅት ይበልጣል። ቅርብ መሆን ብቻውን ደግሞ ብቃት አይደለም። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በፊት የገጠማቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ያሳይ፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል፣ የአንድ ክረምት ዝናብ ያለፈበት ሥራ ግን እውነቱን ይናገራል። ንግድ ፈቃዱ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ገጽ በግብር ከፋይ ቁጥሩ ይታያል። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ የሰጠውን መብት ለመጠየቅ መነሻው እሱ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ ሰዓት። ዲቪአሩ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይሠራል፤ የሰዓት ቀጠናው የቻይና ሆኖ ከቀረ አምስት ሰዓት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የውስጥ ባትሪው ከሞተም መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፖሊስ ዘንድ የሚቀርብ ምስል ላይ የተጻፈው ሰዓት ከምስክሩ ቃል ጋር ካልገጠመ ክርክሩ ሰዓቱ ላይ ይሆናል። ገጣሚው ይህን አስተካክሎ ያስረክብ።

የመጨረሻውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ቁልፉ ማን እጅ እንደሚቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ዲቪአሮች በገፍ ይዞ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ደግሞ ሰርጎ ገቦች ቬርካዳ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ገብተው 150,000 ገደማ ካሜራዎችን ማየት ችለው ነበር፤ ሆስፒታሎችም ነበሩበት። እዚህ አገር አደጋው ከዚህ የቀለለ መንገድ አለው፤ ገጣሚው በራሱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል አካውንቱን ከፍቶ «ችግር ሲኖር እኔ አስተካክላለሁ» ብሎ ከሄደ፣ የቤታችሁን ጓዳ ለማየት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። «ልጁን እናምነዋለን» ማለት መልስ አይሆንም፤ ስልኩ ሊሰረቅ፣ ሥራውን ሊለቅም ይችላል። አካውንቱ በባለቤቱ ስም ይከፈት፤ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ገጣሚው በሌለበት ይቀየር። ለጥገና ሲመጣ ጊዜያዊ መግቢያ ይሰጠውና ሲጨርስ ይነሳ። የሌላውን ሰው መብትም አንርሳ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። በአንድ ግቢ ሦስት አራት ተከራይ በሚኖርበት ከተማ የጋራ መጸዳጃው መግቢያ ወይም የተከራይ በር ካሜራ ውስጥ መግባት የለበትም። አብዛኞቹ ዲቪአሮች የምስሉን የተወሰነ ክፍል በጥቁር የመሸፈን ቅንብር አላቸው፤ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ገጣሚው ስለ ተከራዮቹና ስለ ጎረቤት መስኮት ሳይጠየቅ ካነሳ፣ ሌላውንም ሥራ በጥንቃቄ እንደሚሠራ ለእኔ በቂ ምልክት ነው።