አሰሪዎችሽ እባብና ኤሊ ይሰበስባሉ? ጤናሽን፣ ደሞዝሽንና ስምሽን የምትጠብቂበት መንገድ

ሐሙስ ማታ ነው። መጅሊሱ በእንግዳ ተሞልቷል። የቤቱ ትልቅ ልጅ የመስታወት ሳጥኖቹን ከክፍሉ እያወጣ ለጓደኞቹ ያሳያል። እነሱም የየራሳቸውን በፕላስቲክ ዕቃ ይዘው መጥተዋል። ነጠብጣብ ያለው ጌኮ፣ ቢጫ ዘንዶ፣ ጭራው እሾሃማ የሆነው የበረሃ እንሽላሊት (ደብ የሚሉት)፣ መዳፍ የምታክል ኤሊ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። አንቺ ቡናና ተምር ይዘሽ ስትገቢ አንዱ "ያዢው፣ አትፍሪ!" ይልሻል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወለሉን የምታጸጂው፣ ሳጥኑን የምታጥቢው ግን አንቺ ነሽ።

እንዲህ ያለ ቤት የምትሠሪ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። መፍራትሽ ነውር አይደለም፤ እኛ አገር እባብ ሲታይ ዱላ ነው የሚነሳው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! ነገር ግን እዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎዳሽ የምትፈሪው ንክሻ ሳይሆን የማይታየው ጀርም ነው። ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ እንስሳው ሲሞት ወይም ሲጠፋ በአንቺ ላይ የሚመጣው ክስ ነው። ሁለቱንም አስቀድመሽ መከላከል ትችያለሽ።

ጤነኛ የሚመስለው እንስሳ

ኤሊ፣ እንሽላሊት፣ እባብ፣ እስስት፣ እንቁራሪት፣ እነዚህ ሁሉ በሆዳቸው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። እነሱን አያሳምማቸውም። ቆዳቸው ንጹህ፣ ዓይናቸው ብሩህ ሆኖ ታያለሽ፤ ጀርሙ ግን ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣና ቆዳቸው ላይ፣ ውሃቸው ውስጥ፣ አሸዋቸው ላይ፣ በተራመዱበት ምንጣፍ ላይ ይቀራል። እንስሳውን ሳትነኪ ውሃውን ብቻ ደፍተሽ ልትያዢ ትችያለሽ ማለት ነው። ትንሽ ኤሊ በተለይ ልጆችን ብዙ ስላሳመመች፣ አሜሪካ ቅርፊቷ ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆነ ኤሊ ለቤት እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ከልክላለች።

ምልክቱ ጀርሙ ወደ ሰውነት ከገባ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ነው። አብዛኛው ሰው ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይድናል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕፃን የምትይዢ ወይም አሮጊት የምትጦሪ ከሆነ፣ እጅሽ በሳጥኑና በሕፃኑ ጡጦ መካከል ድልድይ እንዳይሆን ተጠንቀቂ።

ተቅማጥሽ ደም ካለበት፣ ትኩሳትሽ ከ39 ዲግሪ ከበለጠ፣ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ውሃ መጠጣት እስኪያቅትሽ የሚያስመልስሽ ከሆነ ሐኪም ያስፈልግሻል። ሐኪሙ ጋ ስትደርሺ "ቤቱ ውስጥ ኤሊና እባብ አለ፤ እኔ ነኝ የማጸዳው" ማለት አትርሺ። ይህችን አንዲት ቃል ካልነገርሽው ምግብ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሳጥኑን ማጽዳት ያንቺ ሥራ ከሆነ

ጓንት፣ ለዚህ ብቻ የሚሆን ባልዲ፣ ስፖንጅና ሽርጥ ጠይቂ። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ለቤተሰቡም ጥቅም ነው።

ውሃ መጠጫቸውን፣ ድንጋያቸውንና ሳጥናቸውን በኩሽና ገንዳ አትጠቢ። ሳህንና ሰላጣ የሚታጠበው እዚያ ነው። በግቢ ወይም በመታጠቢያ ቤት እጠቢ፣ ከዚያ ያን ቦታም አጽጂ። ቆሻሻውን ውሃ ሽንት ቤት ድፊው።

መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በውሃ በተበረዘ ክሎሮክስ አጽጂ፣ በመጨረሻ በደንብ አለቅልቂ። ክሎሮክስን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። መስኮት ክፈቺ። እንስሳው ሳጥኑ ውስጥ እያለ ኬሚካል አይረጭም።

ጓንት ብታደርጊም ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቢ። በሥራው መሐል ስልክ አትንኪ፣ ፊትሽን አትንኪ፣ ምንም አትቅመሺ። እንቁራሪትና ጉርጥ ከቆዳቸው የሚያመነጩት ፈሳሽ ዓይን ያቃጥላል። ዓይንሽን ከነካሽ ብዙ ንጹህ ውሃ አፍስሺበት።

እባብ የሚበላው አይጥ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። በረዶ ሳልሞኔላን አይገድልም። ከቤተሰቡ ሥጋ ጋር በአንድ ፍሪዘር መቀመጥ የለበትም፤ በቤተሰቡ ሳህን ወይም በማይክሮዌቭ መሟሟትም የለበትም። "ይህ ለሕፃኑ አደጋ ነው" ብለሽ ለማዳም ንገሪያት፤ ብዙ ጊዜ የምትሰማሽ ለልጇ ስትዪ ነው።

የሙቀት መብራቱንም አትዘንጊ። በጣም ስለሚግል ቆዳ ያቃጥላል፣ መጋረጃ ወይም ጨርቅ ከነካ እሳት ያስነሳል። ከማጽዳትሽ በፊት ከሶኬት ንቀዪው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ስትጨርሺ መልሰሽ ሰኪው። ተነቅሎ ከተረሳ እንስሳው በብርድ ይታመማል፤ ያኔ ጥፋቱ ወዳንቺ ይመጣል።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የመከላከል አቅምሽን የሚያዳክም ሕመም ካለብሽ ይህ ሥራ ላንቺ አይሆንም። የሕመምሽን ዝርዝር ለአሰሪ መዘርዘር አይጠበቅብሽም። "በጤናዬ ምክንያት ይህን መንካት አልችልም" በቂ ነው።

ከነከሰሽ

መርዝ የሌለው እንሽላሊት ወይም ዘንዶ ቢነክስሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ እጠቢ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ሐኪም ጋ ሂጂና ስለ ቴታነስ ክትባት ጠይቂ። ካበጠ፣ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ አትቆዪ።

አንዳንድ ሰብሳቢ መርዛማ እባብም ይይዛል። ስለዚህ አዲስ እንስሳ ወደ ቤት በገባ ቁጥር "ሃዳ ሳም?" ብለሽ ጠይቂ፤ "ይህ መርዛማ ነው?" ማለት ነው። መርዛማ ከሆነ ወይም በግልጽ ካልመለሱልሽ ሳጥኑን አትክፈቺ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

መርዛማ እባብ ከነከሰሽ ከእባቡ ራቂ፣ ቀለበትና አምባር አውልቂ፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር አታንቀሳቅሺ። ቁስሉን አትብጪ፣ አትምጠጪ፣ በገመድ አጥብቀሽ አትሰሪ፣ በረዶ አታድርጊ። እባቡን ለመያዝ አትሞክሪ፤ የእባቡን ስም ባለቤቱ ያውቀዋል፣ ለሐኪሙ ይንገር። ወዲያው ወደ አምቡላንስ ይደወል፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ 140። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። "አሰሪዬ እስኪመጣ" ብለሽ አትጠብቂ።

የእንግዳ ምሽት

ሰብሳቢዎች ሲገናኙ እንስሳ ያሳያሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ይገዛዛሉ። ለእነሱ የደስታ ምሽት ነው። ላንቺ ግን አዲስና የማታውቂው እንስሳ ወደ ቤት የሚገባበት፣ ሳጥን ሳይዘጋ የሚረሳበት ሰዓት ነው። ሦስት ነገር አድርጊ።

አንደኛ፣ ምግብና እንስሳ በአንድ ጠረጴዛ አይሁን። ቡናውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ።

ሁለተኛ፣ እንስሳ አንገትሽ ላይ አድርገው ሊቀርጹሽ ቢፈልጉ "ላ" ማለት መብትሽ ነው። "አና አኻፍ፣ ላ ትሳውሩኒ" በዪ፤ "እፈራለሁ፣ አትቅረጹኝ" ማለት ነው። በኤምሬትስ ሰውን ያለፈቃዱ መቅረጽና ማሰራጨት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሕጉ ግን ላንቺም ይሠራል፦ የአሰሪዎችሽን ቤት፣ እንግዶች ወይም እንስሳት ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ።

ሦስተኛ፣ እንግዶቹ ሲወጡ ሳጥኖቹ መዘጋታቸውን የቤቱ ልጅ ራሱ ያረጋግጥ። "ከመተኛትህ በፊት ቁጠራቸው" በዪው። ጠዋት አንዱ ቢጠፋ የመጨረሻዋ ሰው አንቺ እንዳትሆኚ።

"አንቺ ነሽ የገደልሽው" ሲባል

ብዙ እህቶች የሚከሰሱት የእንስሳውን ተፈጥሮ ባለማወቅ ነው። እነዚህን ዕወቂ፦

ጌኮ ሲደነግጥ ጭራውን ራሱ ቆርጦ ይጥላል። ከጠላት የሚያመልጥበት ዘዴው ነው፤ በኋላም ሌላ ያበቅላል። አንቺ ሰበርሽው ማለት አይደለም። በጭራው ግን በጭራሽ አትያዢው።

እባብ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ ደመና የለበሰ ይመስላል፣ መብላት ያቆማል፣ ይቆጣል። በሽታ አይደለም። በእነዚያ ቀናት አትንኪው።

አንዳንድ ዓይነት ኤሊ በብርድ ወራት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ሞተ ብለሽ አትጣዪ፤ ለባለቤቱ ንገሪ።

ቤተሰቡ በክረምት ለዕረፍት ሲሄድ ደግሞ እንስሳቱ ካንቺ ጋር ይቀራሉ። ያኔ አራት ነገር በዋትስአፕ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፦ ምን ይበላሉ፣ በስንት ቀን፣ መብራቱ ስንት ሰዓት ይበራል፣ ችግር ቢመጣ ለማን ልደውል። በየቀኑ የአንድ ሳጥን ፎቶ ለእነሱ ብቻ ላኪ። እንስሳው ቢታመም በዚያው ሰዓት ጻፊ። መልእክቶቹን አትሰርዢ፤ ነገ ማስረጃሽ እነሱ ናቸው። ባልሽ ወይም እህትሽ ዘንድም ቅጂ ይኑር።

ያለ ጥፋትሽ ዋጋው ከደሞዝሽ ይቆረጣል ካሉሽ ያላመንሽበትን ወረቀት አትፈርሚ። "ያጠፋሁት ምን እንደሆነ ይጻፍልኝ" በዪ። ካልተስማማችሁ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አለ።

ሕጉ ምን ይላል?

ኩዌት በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68፣ ኳታር በ2017 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 15፣ ኤምሬትስ ደግሞ በ2022 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 9 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የቤት ሠራተኛ በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን እንዲኖራት ደንግገዋል። በኤምሬትስ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይገባሻል፣ ከዚህ ውስጥ 8ቱ የተከታተለ ነው። እንግዳ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲያመሽ ያ ዕረፍት ከጠዋቱ ሥራ ላይ ሊታሰብልሽ ይገባል። በሊባኖስ የሠራተኛ ሕጉ የቤት ሠራተኞችን ስለማያካትት የምትይዢው ውልሽን ነው፤ ቅጂው በእጅሽ ይኑር።

በኤምሬትስ በ2016 የወጣው ሕግ ቁጥር 22 ግለሰብ አደገኛ እንስሳ በቤቱ እንዳይዝ ይከለክላል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚገድል እንስሳ ካለ "እምቢ" ማለትሽ አለመታዘዝ አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ለፈቃድ ወደ አገር ቤት ስትሄጂ "ከኢትዮጵያ ኤሊ ወይም እስስት አምጪልኝ" የሚል ሰብሳቢ አይጠፋም። ጥሩ ገንዘብም ይጠራል። ኢትዮጵያም ሆነች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናቸው። ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ወንጀል ነው፤ ኤርፖርት ላይ የሚያዘው ደግሞ ያዘዘው ሳይሆን ሻንጣውን የያዘው ነው። እምቢ በዪ።

ለማዳም እንዴት ልንገራት?

ቁጣ አያስፈልግም። ጸጥ ባለ ሰዓት፣ እንግዳ በሌለበት፣ እንዲህ በያት፦ "ማዳም፣ ሳጥኖቹን አጸዳለሁ። ግን ጓንትና የራሱ ባልዲ ይገዛልኝ። እንስሳቱን አልይዝም፤ ባባ ወይም ልጁ ያውጣልኝ። ሕፃኑንም ስለማበላው ጀርም ይዤበት እንዳልሄድ ነው።" ይህን ብለሽ ሥራ አልከለከልሽም፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነው የተናገርሽው።

ከተቆጣች፣ ከመታችሽ፣ ወይም ለቅጣት እንስሳ ያለበት ክፍል ውስጥ ከዘጋችብሽ ግን ነገሩ የጽዳት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ያ ጥቃት ነው። ቀኑንና የሆነውን ጻፊ፣ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፣ ለፖሊስ ወይም ለቆንስላ ደውዪ።

አይዞሽ እህቴ። እንስሳቱን መውደድ አይጠበቅብሽም። ዛሬ ማታ ግን ሦስት ነገር አድርጊ፦ የአምቡላንሱን ቁጥር መዝግቢ፣ የትኛው እንስሳ መርዛማ እንደሆነ ጠይቂ፣ ጓንትሽን አስገዢ።