ቤልት ነው ወይስ ሰንሰለት? ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሚረሳው ጥያቄ

በሐሙሲትና በወረታ መኪና ያለው ቤተሰብ እየበዛ ነው። ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ገንዘብ ልኮ ለአባቱ ያገለገለ መኪና ይገዛል፤ አለዚያም አባት ሩዙን ሸጦ፣ የደረሰውን ዕቁብ ጨምሮ፣ ለልጁ መተዳደሪያ ሚኒባስ ያወጣለታል። በግዢው ቀን ቀለሙ ይታያል፣ ጎማው ይታያል፣ በዋጋው ክርክር ይደረጋል። «ሞተሩ በቤልት ነው ወይስ በሰንሰለት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው የመካኒክ ይምሰል እንጂ የቤተሰብ ጥሪት የሚያድን ነው።

እኔ ነርስ ነበርኩ፤ በጡረታ ነኝ። ነገሩን በማውቀው ምሳሌ ላስረዳ። ልባችን ደም የሚገፋው ቫልቮቹ በተራቸው ሲከፈቱና ሲዘጉ ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። ከታች ፒስተኖቹ የተያያዙበት ኮሎ ይዞራል፤ ከላይ በቴስታታው በኩል ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ይዞራል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ሁለቱን አስተሳስሮ በልክ የሚያስኬዳቸው ታይሚንግ ቤልት ወይም የታይሚንግ ሰንሰለት ነው።

ቤልቱ ጥርስ ያለው፣ በውስጡ ጠንካራ ክር የገባበት ላስቲክ ነው። ድምፅ የለውም፤ ዋጋውም ከሰንሰለት ይቀንሳል። ነገር ግን ላስቲክ ያረጃል። በብዙ መኪኖች ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር አምራቾቹ ያዛሉ። መኪናው ቆሞ ቢውልም በዕድሜ ብቻ ይደርቃል። ዘይት ከፈሰሰበት ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ይበላሻል። ክፋቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ መበጠሱ ነው።

ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ፒስተኑ ግን ገና እየወጣ ነውና የተከፈቱትን ይመታቸዋል። ቫልቭ ይጣመማል፤ አንዳንዴ ፒስተንና ቴስታታም ይጎዳል። በናፍጣ ሞተር ላይ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ስለሆነ ከዚህ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ቤልት ለመቀየር የተሰሰተው ገንዘብ ለሞተር ማሠሪያ በብዙ እጥፍ ይወጣል።

ሰንሰለቱ ብረት ነው፤ በሞተሩ ውስጥ በዘይት እየራሰ ይሠራል። በደንብ ከተያዘ የሞተሩን ዕድሜ ያህል ሊቆይ ይችላል። የሚኖረው ግን በዘይት ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ወይም ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበላል፣ ይረዝማል፣ ይላላል። ጠዋት ሞተር ሲነሣ የሚሰማ የመንቋቋት ድምፅ ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ያን ድምፅ ሰምቶ ዝም ማለት ሳል ሳምንታት ሲቆይ ዝም እንደማለት ነው።

በአካባቢያችን ከሚታዩት መካከል ቶዮታ ቪትዝ ባለ ሰንሰለት ነው። ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታና ጎንደር ከሚመላለሱት ሃይኤስ ሚኒባሶች 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍጣ ሞተር ያላቸው ባለ ቤልት ናቸው። ሩዝ የሚጭነው አይሱዙ ኤንፒአር በአብዛኛው በጥርስ ማርሽ ስለሚሠራ ሁለቱም የሉትም። ብዙ ወረዳዎች ወላድ የሚያጓጉዙበት፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር አምቡላንስም ባለ ቤልት ነው። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ውሃ ሲተኛበት፣ ምጥ የያዛት እናት መንገድ ላይ የምትቀረው በአንድ ላስቲክ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

በብዙ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ። መብራቱ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ይበራል እንጂ ቤልቱን አያይም። ቤልቱን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ይህም ቴርሞሜትሩን አራግፎ ትኩሳቱ ወረደ እንደማለት ነው። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ።

ለወላጆችና ለአያቶች የምመክረው ይህን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤልት ከሆነ መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ ጠይቁ። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩና ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ ረጅም መንገድ ሳትሄዱም አስቀይሩ። ሲቀየር የመወጠሪያው ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር፤ የውሃ ፓምፑ በዚያው ቤልት የሚዞር ከሆነ እሱም ይታይ፤ ያለዚያ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሰንሰለት ከሆነ የዘይቱን ቀን አታሳልፉ። በመጨረሻም እንደ ልጆች የክትባት ካርድ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበትና ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። ሾፌሩ ልጅም ይሁን ቅጥር፣ ወረቀቱን በየወሩ የሚያይ አንድ የቤተሰብ ሰው ይመደብ።