የአርሲ ደጋ እንጨትና በቤተሰብ የሚወረስ የአናጢነት ሙያ

በአውሮፓ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የቤት ዕቃ ሥራ ጥበብ በብዙው የተመሠረተው ኦክ በሚባለው ዛፍ ላይ ነው። ይህ ዛፍ በአገራችን በተፈጥሮው አይበቅልም። ነገር ግን በአርሲ ደጋ፥ በቀድሞው የጢቾ አውራጃ ሳይቀር፥ ለዚሁ ሥራ የሚበቁ ዛፎች አሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጥ የምንሞክረው፥ ሙያው በቤተሰብ መወረሱ ስለ ምን እንደሚጠቅምና ዛሬ ምን እንደሚያሰጋው ነው።

የአናጢ ልጅ ከሁሉ በፊት ሊያውቅ የሚገባው እንጨትን መለየት ነው። ጥድ፥ በኦሮምኛ ጋቲራ፥ ምስጥ ስለማይደፍረው ለምሰሶና ለአጥር ይመረጣል። ዝግባ፥ ማለት ቢርቢርሳ፥ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለጣውላ፥ ለበርና ለመስኮት ይሆናል። ኮሶ፥ ማለት ሄጦ፥ የታወቀው በአበባው መድኃኒትነት ቢሆንም ቀላ ያለው እንጨቱ ለቁም ሣጥንና ለጠረጴዛ ያምራል። ወይራ፥ ማለት ኤጀርሳ፥ ከባድና ጠንካራ በመሆኑ ለመሣሪያ እጀታ ይውላል።

ሁለተኛው ዕውቀት ማድረቅ ነው። እንጨት መጨማደድ የሚጀምረው፥ በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። በቁመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ነው። በጎኑ ግን የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚጨማደደው፥ ከልቡ ወደ ልጡ ከሚጨማደደው ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ጣውላ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጣውላው በጥላ ሥር ይደረደራል፤ ነፋስ እንዲያልፍበትም በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ይገባበታል። ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጣውላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው።

እንግዲህ የቤተሰቡ ጥቅም ከዚህ ላይ ይታያል። ዝግባና ኮሶ ለጣውላ እስኪበቁ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይወስዳሉ፤ የሚተክለው አባት የሚሠራበት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ የማያልቅ ሥራ ወራሽ ያስፈልገዋል።

ዛሬ ግን ደኑ ሳስቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ኮሶን፥ ዝግባን፥ ጥድንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከለከለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ቤት ለመሥራትና ለማገዶ እጅግ ጠቅሞናል፤ ነገር ግን ሲደርቅ አብዝቶ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለቁም ሣጥን አይመችም። ገዢውም ወደ ቺፑድ ዕቃ ዞሯል።

ክልከላ ዛፉን ያድን ይሆናል፤ የሙያውን ዕውቀት ግን አያድንም። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አርሲ የሚሄድ ተማሪ ሽማግሌ አናጢዎችን ጠይቆ፥ እንጨቱን በየትኛው ወር እንደሚቈርጡት፥ ስንት ጊዜ እንደሚያደርቁትና ለምን ዕቃ እንደሚመርጡት ቢጽፍ ታላቅ አገልግሎት ነው። ዛሬ የተተከለው ኮሶ ሲደርስ የሚያውቀው እጅ ካልቈየው ዕጣው ማገዶ ነውና።